አፍ እላፊ የሚባለው የማን ንግግር ነው?

የዛሬው የሥነ ጽሑፍ ዝግጅታችን ልብ ወለድ ስናነብ ቶሎ ብለን የምናልፈውን አንድ ነገር ይመለከታል።

በልብ ወለድ ውስጥ ያሉ ሰዎች ብዙ ይነጋገራሉ። ስለ መሬት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ሞት። አንዳንድ ጊዜ ግን የያዙትን ጉዳይ ትተው ስለ ንግግሩ ራሱ ማውራት ይጀምራሉ። «እንዴት ነው የምታናግረኝ?» ይላል አንዱ። «ደግሞ አንቺ ትለኛለህ?» ትላለች ሌላዋ። «እንዲህ ያለውን ነገር ከማን ተማርከው?»፣ «አፍህን ሰብስብ!»፣ «ይኼማ አፍ እላፊ ነው!» ይባባላሉ። አንባቢ ታሪኩ ወዴት እንደሚያመራ ለማወቅ ስለሚቸኩል እነዚህን ቃላት እንደ ተራ ቁጣ ቆጥሯቸው ያልፋል። እኔ ግን እዚያ ቦታ ላይ ቆም በሉ እላለሁ። ማን በማን ላይ እንደሚያዝ፣ ማን ለማን እንደሚያጎነብስ ደራሲው በጉልህ የሚያሳየን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የሌላውን ሰው አነጋገር ለማረም፣ ለመንቀፍ፣ «እንዲህ አይባልም» ለማለት አቅም ያስፈልጋል። አቅም የሌለው ሰው የጌታውን አነጋገር በልቡ ይታዘበው ይሆናል፤ ፊት ለፊት ግን አያርመውም።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመርሐቤቴ እንጀምር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ መርሐቤቴ ውስጥ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው፣ መጻሕፍት ሲሰበስቡ፣ ሲጽፉና ሲያሳትሙ ኖረው፣ የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው እንግሊዝ አገር አረፉ። ዕድሜያቸውን በሁለት ዓይነት አንደበት መካከል ነው የኖሩት ማለት ይቻላል። በአንድ በኩል የግዕዙና የመጽሐፍ ቤቱ፣ በሌላ በኩል የአውሮፓው ዲፕሎማሲና የአዲሱ ዘመን።

በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም» የተሰኘው ልብ ወለድ ከዚህ ኑሯቸው የበቀለ ነው። ዋናው ሰው አወቀ ይባላል፤ የተጉለት ልጅ ነው። ፈረንሳይ አገር ሄዶ ይማርና ከዓመታት በኋላ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ከዘመድ አዝማዱና ከካህናቱ ጋር የሚጋጨውም ያኔ ነው። ጠቡ ላይ ላዩን ሲታይ የተዝካር ድግስ ጠብ ነው፤ የሠርግ ድግስና የባህል ጠብ ነው። ጠጋ ብሎ ለሚያነብ ግን ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለ። ስለ ሙታን ነፍስ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ደግና ክፉ ልማድ የመናገር መብት የማን ነው? በተጉለት መንደር ይህ ቃል የካህኑና የሽማግሌው ነበር። አወቀ እንደ ሰው ሐሳቡን ተናገረ። መንደሩ ግን ያደመጠው «ይህ ልጅ እንዲህ እንዲናገር ማን ፈቀደለት?» በሚል ጆሮ ነው።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ የመጽሐፉ መፍትሔ ነው። ኅሩይ አወቀን በክርክር ብቻ አሸናፊ አላደረጉትም። ነገሩ በካህናት ጉባኤ እንዲታይና ማሻሻያው ከዚያ እንዲመጣ አደረጉ። የልጁ ሐሳብ ትክክል ነው፤ ትክክለኛነቱ ግን ከትልቁ ወንበር እስኪነገር ድረስ ኃይል የለውም። ራሳቸው ሚኒስትር የነበሩ ሰው ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። አንዳንድ አንባቢ ይህን የመጽሐፉ ድክመት አድርጎ ይቆጥረዋል። ለእኔ ስለ ዘመኑ ከተነገሩት ሐቆች አንዱ ነው።

ከ«አዲስ ዓለም» ወደ ሰላሳ ሰባት ዓመት ገደማ ወደፊት እንለፍ፤ ከሰሜን ሸዋ ግን አንውጣ። ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲና ልጅ ነው። «አደፍርስ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1962 ዓ.ም. አሳተመ። እዚህም ከዩኒቨርሲቲ ወደ አገር ቤት የመጣ አደፍርስ የሚባል ወጣት አለ፤ እዚህም ባለመሬቷ ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ካህናቱ፣ ባላገሩ አሉ። ልዩነቱ ዳኛቸው ታሪኩን በንግግር ላይ መገንባቱ ነው። የተራኪው ድምፅ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይላል፤ ሰዎቹ ይነጋገራሉ፣ እኛ እናዳምጣለን። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ሳይነገረን የሚቀርበት ጊዜም አለ። ስለዚህ አንባቢው ሰውን በአነጋገሩ መለየት መማር አለበት። የባላገሩ አማርኛ ሌላ ነው፣ የካህኑ ሌላ፣ የተማሪው ሌላ።

አደፍርስ ሲናገር ረጅም ነው፤ ቃላቱ ከመጻሕፍት የመጡ ናቸው። ስለ ኅብረተሰብ፣ ስለ ለውጥ፣ ስለ ሰው ልጅ ያወራል። የሚያዳምጡት ሰዎች ደግሞ የየዕለት ኑሯቸው የመሬት ሙግት፣ የማኅበር ጽዋ፣ የልጅ ጋብቻ ነው። አንባቢው መጀመሪያ ላይ «ባላገሩ አልገባውም» ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ነገር ግን ማስተዋል ያለብን ባላገሩ ራሱ ንግግር የሚያውቅ መሆኑን ነው። በልሃ ልበልሃ ብሎ የሚሟገት፣ ነገርን በምሳሌ የሚጠቀልል፣ ሽምግልና ላይ አንዲት ቃል መዝኖ የሚናገር ሕዝብ ነው። አደፍርስ የሰዎቹን የንግግር ሕግ አልተማረም፤ የእሱንም ሕግ ለእነሱ አላስረዳም። መጽሐፉ ለሁለቱም ወገን አያዳላም። የተማረው ሰው ቋንቋ የከተማ ሥልጣን አለው፣ በመንደሩ ግን ሥልጣን የለውም። የመንደሩ ቋንቋም በመንደሩ ሥልጣን አለው፣ ከመንደሩ ሲወጣ ይዋረዳል። አደፍርስ በመጨረሻ በረብሻ መካከል በድንጋይ ተመትቶ ይሞታል። ያን ሁሉ የተናገረ ሰው ፍጻሜው ቃል በማይሰማበት ቦታ መሆኑ ደራሲው አስቦ ያደረገው ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ በዚሁ በሬዲዮ ወደምታውቁት መጽሐፍ ልምጣ፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»። በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያዳመጠ ሰው ድምፁን አይረሳውም። ወጋየሁ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ድምፅ ስለሰጠው፣ ያልተማረ አድማጭ እንኳ ማን ትልቅ ማን ትንሽ እንደሆነ ከአነጋገሩ ይለይ ነበር።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጉዱ ካሳ የሚባል ሰው አለ። ስሙ ካሳ ነው፤ «ጉዱ» የሚለውን ሰዎች ናቸው የጨመሩበት። ለምን? የሚናገረው ነገር ከመኳንንቱ ጆሮ ጋር ስለማይገጥም ነው። ስለ ዘር ኩራት፣ ስለ ባላባትና ጭሰኛ፣ ስለ ልማድ የሚያነሳውን ሐሳብ ቁጭ ብሎ የሚከራከረው የለም። መከራከር አያስፈልጋቸውም፤ ስም አውጥተውለታል። አንድ ጊዜ «ጉዱ» ከተባለ በኋላ የሚናገረው እውነት ሁሉ የጉዱ ካሳ ወሬ ይሆናል፤ ይሳቅበትና ይታለፋል። ሥልጣን የሰውን አፍ የሚዘጋው በማስፈራራት ብቻ ይመስለናል። በቅጽል ስም የተዘጋ አፍ ግን ከዚያ የባሰ ነው፤ ሰውየው እየተናገረ ነውና አፉ መዘጋቱ እንኳ አይታወቅም። አድማጮች፣ በየቀያችሁ እንዲህ ያለ ቅጽል የተለጠፈበት ሰው ካለ፣ መጽሐፉን ስታነቡ እሱን አስቡት።

በዚያው መጽሐፍ ሰብለ ወንጌል ማንበብና መጻፍ የምትማረው ከበዛብህ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ፊደል እንዲያስተምር ያስገቡት ሰው በዘር ከእነሱ በታች ነው የሚሉት የድኃ ልጅ ነው። ፊደሉን በተመለከተ ግን እሱ መምህር ነው፣ እሷ ተማሪ። ከውጭ ያለው ማዕረግ እዚያ ክፍል ውስጥ ለጊዜው ይገለበጣል። ፍቅራቸው ከዚህ መብቀሉ በአጋጣሚ አይደለም። እሷ የምትታረምበት፣ እሱ የሚያርምበት ሌላ ቦታ በዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

እስካሁን በታወቁ መጻሕፍት ላይ ቆየን። አሁን አንዲት አጭር ትዕይንት ራሴ ፈጥሬ ልንገራችሁ፤ ልብ ወለድ ናት። አንድ ሽማግሌ በገበያ ቀን ከቆላው ወጥተው ስለ መሬታቸው ለማመልከት ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ገቡ እንበል። ወጣቱ ጸሐፊ ቀና ብሎ ያያቸዋል።

«አባባ፣ ጉዳይዎ ምን ነበር?»

«ድንበሬን ገፉብኝ፣ ልጄ። ጎረቤቴ ማረሻውን እያስጠጋ እያስጠጋ ወሰኑን አልፎ መጣ።»

«እንደዚያ አይባልም። ‹በሕጋዊ ይዞታዬ ላይ የተፈጸመ ጥሰት› ነው የሚባለው። አጻጻፉን የሚያውቅ ሰው ይዘው ይምጡ።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

ይኸው ነው፤ አራት መስመር። ጸሐፊው አልተሳደበም፤ «አባባ» ብሏል፣ «እርስዎ» ብሏል። ትሕትናው ሙሉ ነው። ሽማግሌው ግን ሲገቡ «ልጄ» ያሉትን ሰው ሲወጡ «ጌታዬ» አሉት። በመካከል የተለወጠው ምንድን ነው? ጸሐፊው ስለ መሬቱ አንዲት ቃል አልተናገረም። የነካው የሽማግሌውን አማርኛ ብቻ ነው። ወሰኑን ያቀኑት፣ አርባ ዓመት ያረሱት ሰው ስለ ገዛ ማሳቸው የሚናገሩበት ቃል «አይባልም» ተባለ። ከዚያ በኋላ የእሳቸው ዕድሜና የእሱ «እርስዎ» ምንም አይረዳም።

ትዕይንቱን በሌላ መልክ እንየው። ሽማግሌው እንዲህ ይመልሱ፦ «ልጄ፣ አጻጻፉን አንተ ታውቃለህ፤ ለዚያም ነው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥከው። እኔ የማውቀው ወሰኑን ነው። ‹ገፉብኝ› ብለህ ጻፍልኝ።» ጉዳዩ አንድ ነው፣ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው። «ልጄ» ስላልወደቀች ግን ታሪኩ ሌላ ሆነ። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ለማወቅ አንባቢው ገጹን ይገልጣል።

ሦስተኛው መልክ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። የሽማግሌው የልጅ ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ አብራቸው መጥታለች እንበል። ጸሐፊው «በሕጋዊ ይዞታዬ ላይ» ሲል ቃሉን ታውቀዋለችና ቀበል አድርጋ «እሺ፣ በሕጋዊ ይዞታቸው ላይ ጥሰት ስለተፈጸመ ነው ለማመልከት የመጡት» ትላለች። ጸሐፊውም «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» ይላታል። እስከዚህ ድረስ ችግሩ የአነጋገር ችግር መስሎን ነበር። ልጅቱ የተጠየቀውን አነጋገር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ግን አልተቀበላትም። የአማርኛው ነገር ሰበብ ነበር። ጥሩ ደራሲ እንዲህ ያለውን ሰበብ የሚያጋልጠው ሳይሰብክ ነው፤ የተፈለገውን ቃል ባልተፈለገ ሰው አፍ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እኛው እናያለን።

በዓለም የታወቀው የዚህ ጉዳይ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1913 መድረክ ላይ የወጣው የበርናርድ ሾው «ፒግማልዮን» ነው። አንድ የድምፅ አነባበብ ሊቅ ለንደን ውስጥ አበባ የምትሸጥ ድኃ ልጅ ያገኝና እንደ ትልቅ ቤት ሴት እንድትናገር ያሠለጥናታል። ልጅቱ ንግግሩን አሳምራ ትይዛለች። ከዚያ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ከባድ ነው፤ በአዲሱ አነጋገሯ ወዴት ትሂድ? ወደ አበባው ንግድ እንድትመለስ አነጋገሯ አይፈቅድም፤ ወደ ትልቁ ቤት ለመግባት ደግሞ ገንዘብና ዘር ያስፈልጋል። የእኛዋ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪም ከዚህች ሴት ጋር ትተዋወቃለች።

አማርኛ ለደራሲ የሰጠው አንድ ትልቅ ዕድል አለ። አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ፤ አለ፣ አለች፣ አሉ። የእንግሊዝኛ ደራሲ በብዙ ገጽ የሚደክምበትን እኛ በአንዲት የግስ መጨረሻ እንጨርሰዋለን። ባል ለሚስቱ «አንቺ» ሲል ሚስት «እርስዎ» የምትልበት ቤት፣ ሁለቱም «አንተ፣ አንቺ» የሚባባሉበት ቤት አይደለም። ይህ ከተገለጸ በኋላ ደራሲው «ባልየው ኃይለኛ ነበር» ብሎ መጨመሩ ድካም ነው። ከሁሉ በላይ ግን የለውጧን ሰዓት ጠብቁ። እስከ ሰባተኛው ምዕራፍ «እርስዎ» ያለ ሎሌ በስምንተኛው ምዕራፍ «አንተ» ካለ፣ በዚያ መስመር ላይ አንድ ዓለም ፈርሷል።

ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ሌላ ነገር አለ። ተራኪውም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደለም። በብዙ የአማርኛ ልብ ወለዶች ፊታውራሪው ሲናገሩ «አሉ» ይባላል፤ ሎሌው ሲናገር «አለ»። ይህን የሚለው ከታሪኩ ሰዎች አንዱ አይደለም፣ ገለልተኛ ነው ብለን የምናምነው ተራኪ ነው። እንግዲህ ተራኪው ከግቢው ደጃፍ ቆሞ ለጌታው ጎንበስ ብሏል ማለት ነው። ይህ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም፤ ጨዋ አማርኛ ይህንኑ ይጠይቃል። ተራኪው አንድ ቀን ጭሰኛውን «አሉ» ቢል ግን ምን ይሰማናል? ወጣት ጸሐፊዎች ይህን ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

በታች ያለው ሰው ደግሞ መልስ የለውም ማለት አይደለም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን እዚሁ መንዝ ውስጥ ኖሮ ጥናት አድርጓል፤ «ሰምና ወርቅ» የሚል ስም የሰጠው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1965 ታተመ። ሌቪን እንዳስተዋለው በሁለት ትርጉም መናገር ለሳቅና ለስድብ፣ የግል ምስጢርን ለመጠበቅ፣ ባለ ሥልጣንንም ለመንቀፍ ያገለግላል። የጌታውን አነጋገር ማረም ያልቻለ ሰው የራሱን ንግግር ድርብ ያደርገዋል። ለዚህ ነው በልብ ወለድ ውስጥ «ምን ማለትህ ነው?» የምትለዋን ጥያቄ በጥንቃቄ ማየት ያለብን። ከላይ ወደ ታች ስትወርድ ምርመራ ናት፤ «ድርቡን ፍታልኝ፣ አንዱን ትርጉም አምጣ» ማለት ነው። ከታች ወደ ላይ ስትወጣ ግን ልመና ናት፣ ሰውየው የታዘዘውን እንዲያውቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አንዳንዴም ዳኝነቱ ከመጽሐፉ ወጥቶ ደራሲው ላይ ይመጣል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። ዋናው ሰው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ሥራው የመንግሥትን ዘመቻ በቃላት ማስጌጥ ነው፤ በዓሉ ራሱም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ነበር። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። «አፍ እላፊ ነው» የሚለው ፍርድ ከዚህ በላይ የከበደበት ጊዜ በሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ውስጥ አላውቅም።

ከመጨረሴ በፊት በልቤ የቆየ አንድ ቅሬታ ላንሳ። በመድረክም፣ በቀልድም፣ በአንዳንድ ልብ ወለዶችም አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚናገር ሰው፣ ኦሮሞም ይሁን ጉራጌ፣ ለሳቅ ተብሎ ተሰባብሮ ይጻፋል። የአዲስ አበባው ሰው ንግግር ግን በጥሩ ፊደል ይጻፋል። እውነቱን ለመናገር ማንም ሰው በመጽሐፍ እንደሚጻፈው አድርጎ አይናገርም፤ ሁላችንም ቃል እንውጣለን፣ እናሳጥራለን። ደራሲው የአንዱን ብቻ አሰባብሮ ሲጽፍ ራሱ ዳኛ ሆኗል። እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ይህ ሊሰማን ይገባል፤ ከመንዝና ከመርሐቤቴ የሄደ ልጅ ከተማ ሲገባ አነጋገሩ ምን ያህል ጊዜ መሳቂያ ሆኗል! ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ግን ከቀደሙት ሥራዎቹ አንዱን የጻፈው በጉራጌ ቸሃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በቮልፍ ሌስላው ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ ታተመ። የመንደሩ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው ሲናገሩ ማንም ተሰባብሮ አልተናገረም፤ ሁሉም አፉ የተፈታ ጎልማሳ ነው። ሣህለ ሥላሴ ከዚያ በኋላ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፏል፤ ያቺ የመጀመሪያ ምርጫው ግን ለማንኛውም ደራሲ ትምህርት ናት።

መምህራንና ተማሪዎች በዚህ ሳምንት ይህን ሞክሩ። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ የሚናገሩበትን አንድ ክፍል ምረጡ። ሁለት ተማሪዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡት። ሌሎቹ እርሳስ ይዘው ስለ ንግግር የተነገረውን ሁሉ ያስምሩበት፤ ቁጣውን፣ እርማቱን፣ ቅጽል ስሙን፣ «አንተ» እና «እርስዎ» የተባለበትን። ከዚያ አንባቢዎቹ ሚና ሳይለዋወጡ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ፊታውራሪው «እርስዎ» ይበሉ፣ ታዛዡ «አንተ» ይበል። ክፍሉ ይስቃል። ሳቁ ሲያበቃ መምህሩ ምን እንዳሳቃቸው ይጠይቃቸውና መልሱን በጽሑፍ ይቀበል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የኅሩይን «የልብ አሳብ» እንወስዳለን፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣ፣ ስለ ብርሃኔና ጽዮን ሞገሳ ጋብቻ የሚተርክ መጽሐፍ ነው።